የሐዘን ጺሜና የናይሮቢው ፈቃድ

ስደተኛ ሁሉ ሲያወራ «በጨለማ ወጣሁ» ይላል። እኔ ከአሰላ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ገብስ የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። በንዴት አርሬ ስለነበር ማን አየኝ ብዬ አልተጨነቅሁም። የዚያን ዕለት ጠዋት የገዛ አባቴን ጺም ላጭቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜን ታደሰን በቀይ ሽብር ገደሉብን። ማልቀስ ተከለከለ፣ ድንኳን መጣልም ተከለከለ። አባቴ ግን ልጅ እንደሞተበት ሰው ጺማቸውን አሳደጉ፤ ሌላ ምን ያድርጉ? እኔም አሳደግሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይህን አይቶ አባቴን እየነዳ ፀጉር ቤቴ ድረስ አመጣቸው።

«ለፀረ አብዮተኛ ሐዘን የለም። ላጨው» አለኝ፣ በልጅ አፉ አንቱታውን ነፍጓቸው። «አለዚያ የሥራ ፈቃድህን ቀድጄ ሁለታችሁንም አስራችኋለሁ።»

ልሟገት ስል አባቴ ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ላጨኝ ልጄ» አሉ። «እጅህ ብቻ አይንቀጥቀጥ።»

ላጨኋቸው። ሊቀመንበሩ እስክጨርስ ቆሞ አየና «ያንተን ደግሞ ነገ መጥቼ አያለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ነገን አልጠበቅሁለትም። ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ትቼለት፣ መቀሴንና የእጅ ቶንዶሴን በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ። አባቴን ምን ያደርጓቸው ይሆን የሚለው ሐሳብ የመጣብኝ ሞያሌን በእግሬ ተሻግሬ ነው። እስከ ዛሬ ራሴን የምረግመው በዚህ ነው። ሁለት ወር አስረው እንደለቀቋቸው በኋላ በደብዳቤ ሰማሁ።

ናይሮቢ ይበርዳል ሲሉኝ እስቃለሁ፤ የአሰላን፣ የጭላሎ ተራራን ነፋስ አያውቁትም። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤና በርበሬ ያልነካው ገንፎ ነው፤ ሲርበኝ ግን በላሁት። መንገድ ዳር ዛፍ ላይ መስተዋት ሰቅዬ ፀጉር ስቆርጥ አስካሪ የሚሉት ዘበኛ ሁለት ጊዜ መቀሴን ወሰደብኝ። በመጨረሻ አንድ ባለ ፀጉር ቤት «ላይሰንስ አምጣና ወንበር እሰጥሃለሁ» አለኝ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ ግን በእርሳሱ ወደ ጺሜ አመለከተ።

«የንጽሕና ደንብ ነው። ባርበር ጺም አያሳድግም።»

«የሐዘን ነው።»

«መቼ ነው የሞተብህ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ሁለት ዓመት? እናንተ አገር ሐዘን አያልቅም?»

«አልቅሰን ስላልጨረስን ነው።»

ፎርሙን አገላበጠ። «ሐዘን የሚሞላበት ቦታ የለውም» አለኝ። «ተላጭተህ ና።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጴዛውን ልገለብጥበት ዳዳኝ። ይኼን ሁሉ አገር አቋርጬ የሸሸሁት ሰውዬ ከረባት አስሮ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ጺሙ ለእኔ የወንድሜ የታደሰ ለቅሶ ነው፤ ከጺሙ በቀር አላለቀስኩለትም። ያለ ፈቃዱ ደግሞ የምበላው የለኝም።

ቢጨንቀኝ አባቴን ልጠይቅ ብዬ በደብዳቤ ቀን ቀጠርንና አሰላ ቴሌ ሄደው ጠበቁኝ። መስመሩን ሰው ስለሚሰማው የታደሰን ስም አንጠራም።

«አባባ፣ እዚህ ሥራ ለመያዝ ጺምህን ተላጭ እያሉኝ ነው።»

«እዚያም ሊቀመንበር አለ እንዴ?» አሉኝ።

«አለ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ተላጭ። ሠርተህ ብላ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ መልሼ አሳድጌዋለሁ። ሲጠይቁኝ እርጅና ነው፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መላጨት አቃተኝ እላቸዋለሁ። አንተ ስትመጣ ትላጨኛለህ።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ፈቃዱን አገኘሁ። ፎቶዬ ተለጥፎበት ከወንበሬ በላይ ተሰቅሏል። አባቴ በየደብዳቤው «መልክህ ናፈቀኝ፣ ፎቶ ላክልኝ» ይላሉ። ያለኝ ለፈቃዱ የተነሳሁት፣ ጺም የሌለው ፎቶ ብቻ ነው። እስካሁን አልላክሁላቸውም።