የቢሻው ቀንበር አራት ጣት

በጃንሆይ ዘመን ስማዳ ውስጥ «አላውቅም» የሚል ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ቀንበር ጠራቢው ቢሻው ብቻ ነበር። ሌላው መልስ ከሚያጣ ሚስት ቢያጣ ይመርጣል። ቢሻው ግን የሚያውቀውንም ሳያለዝብ ስለሚናገር የጠየቀው ሁሉ አኩርፎ ይመለሳል።

«ይህን ሞፈር ማን ጠረበልህ?» ይላል አንዱን ገበሬ።

«እኔው ራሴ።»

«ያስታውቃል። ለማገዶ ደህና ነው። ለእርሻ ከሆነ ጫፉን አንድ ስንዝር ቁረጠው።»

ሰውየው ለሁለት ዓመት ሰላምታ ይነሳዋል። ሞፈሩን ግን ቤቱ እንደደረሰ ይቆርጠዋል።

ቢሻው አንድ ትዕቢት ነበረችው። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረውን ጠፍር፣ ምራኑን፣ በክር ለክቶ ልክ መሀል ላይ ያሳርፈዋል። «ከቀንበሬ ላይ የቅማል እግር ታህል መዛነፍ ያገኘ በሬዬን ይንዳ!» ይላል።

አንድ ግንቦት አስማረና ባሏ የሞተባት ደጊቱ በሬዎቻቸውን ነድተው፣ ቀንበራቸውን ተሸክመው፣ እየተጨቃጨቁ ደጁ ደረሱ። አንዳንድ በሬያቸውን አቀናጅተው ነው የሚያርሱት። የአስማረ በሬ ቤተ ክርስቲያን ያክላል፤ የደጊቱን ጥላው ይከብደዋል። ትልሙ እየዞረ አስቸግሯል። አስማረ መቀናጆውን ሊያፈርስ ቆርጧል፤ ከፈረሰ ደግሞ የደጊቱ መሬት ዘንድሮ ጦሙን ያድራል።

«አያ ቢሻው፣ እውነቱን ይፍረዱ። ይኸ በሬ ነው?» አለ አስማረ የደጊቱን በሬ እየጠቆመ።

ቢሻው ጥርሱን አየ፣ ጎኑን ዳሰሰ። «ደካማ ነው።»

«እርስዎም ፈረዱብኝ!» አለች ደጊቱ።

«ስለ በሬው ተጠየቅሁ፣ መለስኩ። ስለ ትልሙ ማን ጠየቀኝ?»

«እሺ፣ ትልሙስ ለምን ይዞራል?»

ቢሻው ቀንበሩን አገላብጦ አየ። የራሱ ሥራ ነው። «ዓይን በልቶት ነው» ቢል መንደሩ በእልልታ ይቀበለዋል፤ ክሩም ክብሩም ይተርፉለታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «መሀል ላይ አስሬ ለጎልማሳውም ለአቅመ ቢሱም እኩል ሸክም አካፈልኳቸው።»

«ሃያ ዓመት መሀል፣ መሀል ሲሉን ኖረው?» አለ አስማረ።

«ለእኩያ በሬ ነዋ! እኩያ መሆናቸውን ሳልጠይቅ ሠራሁላችሁ።»

መጥረቢያውን አነሳና ሸክሙ ወደ ጉልበተኛው እንዲያደላ የምራኑን ቦታ አራት ጣት ወደ ትልቁ በሬ አስጠጋ። ማግስቱን ጠመዱ። በሬዎቹ ጎን ለጎን ሄዱ፤ አስማረም ስለ ማፍረስ ማውራቱን ተወ።

«በሬዬ ዳነ በሉኛ!» አለች ደጊቱ።

«አልዳነም። ዘንድሮን ያርሳል። ለከርሞ የባቄላ ገለባ አብዪው፤ አለዚያ ክንድ ሙሉ ባስጠጋም ዋጋ የለው።»

«አፈ መራራ!» ብላ ሄደች። ገለባውን ግን ያንኑ ቀን ሰጠችው።

በሳምንቱ ግማሹ ስማዳ ቀንበሩን ተሸክሞ «ለኔም አራት ጣት!» እያለ ደጁን ሞላው። መንታ የሚመስሉ በሬዎች ያሉት ሁሉ ሳይቀር። «ላንተ መሀል ነው» ሲለው አራት ጣቱን የሰሰተበት መስሎት አኮረፈ።

በሰኔ የደጊቱ ገብስ ብቅ አለ። ቢሻውን እማሳው ዳር አቁማ፣ «ያውልዎ! ትልሙ ቀጥ አላለም?» አለችው።

ቢሻው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ።

«ጥሩ በቅሏል» አለ። «ጫፉ ላይ ግን ትንሽ ዞሯል።»