እሳት ሊጭር የመጣው ዲያቆን

ለሥልጠና በመጣሁበት አገር፣ ወንዝ ዳር ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሠራው በድንጋይ ከሰል ነው። ዛሬ አሠልጣኛችን «መብራት ፈላጊው ሲያንስ እሳቱን እንቀንሰዋለን እንጂ አናጠፋውም» ሲለን፣ ጭሱ ሰነፈጠኝና መንዝ ዘመሮ፣ አክስቴ ምድጃ ዳር በሐሳብ ተገኘሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ አክስቴ ማታ ማታ የአስታውን እንጨት ረመጥ በአመድ ያዳፍኑት ነበር። ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ እሳት የሚጭረው ከእኛ ቤት ነው። አንድ የክረምት እሑድ፣ ጭጋጉ ዓይን አላስገልጥ ብሎ ሳለ፣ ዲያቆኑ ገል ይዞ እያለከለከ መጣ።

«እማማ፣ ክብሪቱ ረጥቦ እምቢ አለን። ለጽናው እሳት ይስጡን፤ ቄሱ እየጠበቁ ነው።»

አክስቴ አመዱን ገለጥ አደረጉት። ፍሙ ቀልቷል።

«ክብሪት እንግዳ ነው፣ ልጄ» አሉት ገሉ ላይ እየዛቁለት። «ረመጥ ግን ቤተኛ ነው።»

በቅዳሴው ቄሱ በጽናው ሲያጥኑ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ቀና ብዬ «የእኛ እሳት ነው!» አልኩ። አክስቴ ቆነጠጡኝ፤ እሳቸውም ግን ቀና ብለው ነበር።

አሁን ከወንዙ ማዶ ከተማው በመብራት ቦግ ብሏል። ከእሳቱ ጠባቂዎች አንዱ እኔ ነኝ። ቀና አልኩ፤ የሚቆነጥጠኝ ግን የለም።