«ሙቀቱ ነው» ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ቬንትሌተሬ መዞር አቆመብኝና ተሸክሜው ጥገና ቤት ሄድኩ። በከሚሴ የሚያዝያ ፀሐይ ቬንትሌተር አቅፎ የሚሄድ ሽማግሌ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ፤ እኔስ ራሴን ስለማላየው ተረፍኩ። ጠጋኙ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ተቀምጧል። አልነካውም፤ አልከፈተውም። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል፤ ይጣል» አለኝ።

ይጣል! የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ሳትከፍተው በምን አወቅክ? ጠንቋይ ነህ?» አልኩት። ቬንትሌተሬን መልሼ አቀፍኩና ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ቁጣው ከቬንትሌተሩ እንደሚበልጥ ታወቀኝ። ሰላሳ ዓመት የተኛ ቁጣ ነው የተነሳብኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ቀጭን ጎረምሳ ሳለሁ (አዎ፣ ቀጭን ነበርኩ፤ ምስክሮቼ አብዛኞቹ ስለሞቱ ቃሌን ተቀበሉ) በከተማችን አንዲት የኪነት ቡድን ነበረች። ያለን ሀብት አንድ ከበሮ፣ ዘሃራ የምትባል ድምጿ ከጨፋ ማዶ የሚሰማ ዘፋኝ፣ እና አንድ ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ጊታሩ የመንግሥት፣ ተጫዋቹ እኔ። ከዚያ በፊት ወፍጮ ቤት ጆንያ እሸከም ስለነበር ስሜ «ሰይድ ወፍጮ» ነበር። ጊታሩን ከያዝኩ ወዲህ «ሰይድ ጊታር» ተባልኩ። የሁለቱን ስሞች ልዩነት ለማወቅ ልጃገረዶች ባሉበት መንገድ በሁለቱም ስም መጠራት ያስፈልጋል።

በአንድ ጥቅምት ታዲያ ያ ጊታር ታመመ። ወፍራሙን ክር በጣት ሳልይዘው ስመታው ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ጥዝዝ ይላል። ስፒከሩ ደግሞ ዝንቧን በሬ አድርጎ ያወጣታል። አንድ ሰርግ ላይ ዘሃራ አምባሰልን ስታንቆረቁር እኔ ከኋላዋ ጥዝዝ ስል፣ የሙሽራው አባት «ጀነሬተሩን አጥፉት» ብለው ጮኹ። ጀነሬተር አልነበረም።

ኃላፊዎቻችን ከሩቅ ከተማ ባለሙያ አስመጡ። ሰውየው ፓፓያ በላ፣ ሁለት ሻይ ጠጣ፣ ስለ ሙቀታችን አማረረ። ከዚያ አንዴ ምታው አለኝና መታሁት። ፊቱን አጨፈገገ። «እንጨቱ ሞቷል። እዚህ እቶን ውስጥ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ። በእጁ እንኳ አልነካውም! ላቡን ለጠረገበት መሐረብ የሰጠውን ትኩረት ለጊታሩ ነፈገው። ለመፈረም ግን እጁ ፈጣን ነበር። ወረቀቱ ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተላለፈ። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል፤ «ይወገድ» ካለ ጊታሩ ወደ መጋዘን፣ እኔ ወደ ጆንያዬ።

«ባቲ አጎቴ አለ፣ አባ ሙሄ፤ የአፋር ጩቤ፣ የጊሌ እጀታ የሚሠራው» አለችኝ ዘሃራ። «እንጨትና አጥንት እንደሱ የሚያውቅ የለም። ሄደህ አሳየው። ቁጭ ብለህ ከምታለቅስ።»

«ማን አለቀሰ?»

«ሙሾህን ከዚህ እስከ ጨፋ ሮቢት ሰምተውታል።»

ሰኞ በጠዋት ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። በጨፋ ሜዳ ማሽላው አንገቱን ደፍቷል፤ ከማማው ላይ ወፍ የሚጠብቁት ሰዎች ወንጭፍ ያስጮሃሉ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጥቅልሉን አይተው አዘኑልኝ። «ልጁን ምን ነካው፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ። «ጉሮሮውን ነው፣ እማ» አልኳቸው። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ «አላህ ያሽረው» እያሉ ብርድ ልብሱን ሲደባብሱ ሄዱ። በዚህ ኃጢአቴ ለብቻው እንደምጠየቅ አውቃለሁ።

የባቲ ገበያ በግመልና በሰው ተጥለቅልቋል። አባ ሙሄ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠው ቀንድ ሲፍቁ አገኘኋቸው፤ አካባቢው የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። «ኮቱ፣ ና ተቀመጥ» ብለው የግመል ወተት ሰጡኝ፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ የሚከብድ ወተት። ጥቅልሉን ስፈታ ሳቁ። «ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? ክራር በልቶ ጠግቦ ነው?»

ያ ባለሙያ ያላደረገውን አደረጉ፤ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አስተኙት። ወፍራሙን ክር መቱት፣ ጮኸ። በጣታቸው ከአንገቱ ላይ ተጫኑትና መቱት፣ ዝም አለ። ደገሙት። «እንጨቱ ጤነኛ ነው» አሉ። «ሲይዙት የማይጮህ፣ ሲለቁት የሚጮህ ከሆነ፣ ክፉው ያለው ከጣቴ በላይ ነው።» ከአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በስድስት ስንጥቅ የሚያልፉባትን ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ አጎንብሰው አዩ። «ይቺ ስንጥቅ ተበልታለች። ክሩ ጠልቆ የአንገቱን ብረት እየነካ ነው። በሞረድ የበላው ማነው?»

«ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ይሆናል» አልኩ።

«እሱ ሰውዬ ሞረድ የሚይዘው በግራው ነው። ቁርጡ ወደዚህ አጋድሏል።» ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ክሩን ለማላላት ቁልፉን በግራ እጄ እያዞርኩ ነበር። ጢማቸው ብቻ ሳቀ።

እንግዲህ ልናዘዝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወፍራሙ ክር ተበጥሶ፣ በከሚሴ ክር የሚሸጥ ጠፍቶ፣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አስሬበት ነበር። ሽቦው አላልፍ ሲል ስንጥቁን ሞረድኩት። ሞረዱን ከአባቷ ቤት ያመጣችልኝ ዘሃራ ናት። ደህናው ክር ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ቀጭን እግር ሰፊ ጫማ ውስጥ እንደገባ ሆነ። በሽታው እኔ ነበርኩ!

አባ ሙሄ ፕላስቲኳን ነቀሉና ከግመል አጥንት ሌላ ቀረጹ፤ ፈግፍገው አለሰለሷት፣ በቀጭን መጋዝ ስድስት መስመር አወጡላት፣ በኮላ አጣበቋት። ክሩን ወጥሬ መታሁት። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ግመል የሚጎትት አንድ አፋር ቆሞ አየን። «ሐሙስ ሲጠይቁህ ምን እንደነካው ንገራቸው» አሉኝ ሽማግሌው ሲሸኙኝ። «የታወቀ በሽታ አያስፈራም።»

ሐሙስ በሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች ፊት ተጫወትኩ። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ሰብሳቢው በጣታቸው ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። ዘሃራ ከበሩ ጋ ቆማ ፈገግ ብላለች። ስጨርስ ሰብሳቢው እስክሪብቶ አነሱ።

«ማሻ አላህ። ታዲያ ምን ሆኖ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ዘሃራ አየችኝ። የመንግሥት ንብረት በሞረድ የበላ ሰው መሆኔን በሦስት ሰው ፊት ልናገር ነው። ሰይድ ሞረድ ልባል ነው።

«ሙቀቱ ነው» አልኩ። «የአገራችን ሙቀት... እንጨቱን...»

ሰብሳቢው ጻፉ። ቀጥለው ባለሙያው የፈረመበትን ወረቀት አነሱና ከጻፉት ጋር አስተያዩት። «ባለሙያውም ይህንኑ ነው ያሉት። ሙቀቱ ደግሞ ከዚህ አገር የሚሄድበት የለውም። ዛሬ ቢሻለው ነገ ይመለስበታል ማለት ነው።» ሦስቱም ተያዩ፤ ሦስቱም ፈረሙ። ይወገድ።

«ኧረ ስሙት እንጂ! አሁን እየሰማችሁት!» ብዬ ጮኽኩ።

«በራስህ አንደበት አስረድተኸናል፣ ወንድሜ» አሉኝ ሰብሳቢው በትሕትና። ከቁጣ የከፋው ያ ትሕትናቸው ነበር።

ውጭ ዘሃራ ጠበቀችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ አፍህም ተሞርዷል እንዴ?» አለችኝና ሄደች። ለአንድ ወር አላናገረችኝም።

በሚቀጥለው ክረምት የመጋዘኑ ጣሪያ አፈሰሰ። ጊታሩን በመስኮቱ ሽንቁር አይቼዋለሁ፤ ከተሰበሩ ወንበሮች መሃል፣ አንገቱ ከሆዱ ተላቆ፣ ቀዩ ቀለም ተልጦ። የአጥንቷ ነጭነት ብቻ ከሩቅ ይታያል። እኔም ጆንያዬን ተሸከምኩ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ በየጫት ቤቱ ስናገር ኖሬያለሁ። ባለሙያውን ሰድቤአለሁ፣ ኮሚቴውን ረግሜአለሁ፤ ሰሚም አብሮኝ ሲራገም አምሽቷል። ሞረዱን ግን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። ዛሬ ስጽፈው እንኳ እጄ ሁለቴ ቆሟል፤ ሳይነኩ የሚፈርዱ ሰዎችን አሁንም አልምራቸውም፣ ፓፓያውም አይዋጥላቸው። ኮሚቴውን ግን ስንት ዓመት ብገላብጠው መውጫ አጣሁ። በዚያ ወንበር እኔ ተቀምጬ፣ ያንን ቀጭን ጎረምሳ «ሙቀቱ ነው» ሲል ብሰማው፣ እኔም እፈርም ነበር። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።