ፍርሃት ያልተማሩ ሚዳቋዎች

የሚዳቋ ማራቢያውን ጠባቂ «ጋሼ ዝምታ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የመኖ አጫጆቹ ሴቶች ናቸው፤ ሰውዬው በሳምንት ከሰው ጋር የሚነጋገረው በአንድ ጠዋት ከሚዳቋ ጋር ከሚያወራው ያንሳልና። ሚስቱም፣ «ቀንድ ባበቅል ኖሮ ያዋየኝ ነበር» ትላለች።

በአጥሩ ውስጥ ያሉት ዐሥራ አራት ሚዳቋዎች የዘራቸው መጨረሻ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ዘጠኝ ወደ ጫካው ተለቀው ነበር፤ በወሩ የተገኙት ዘጠኝ የአንገት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው። ብዙዎች የበላቸው ነብር ይገደል አሉ። የእንስሳት ሐኪሟ ግን ነብሮቹ ያለቁበትን ማዶውን ሸለቆ ጠቆመቻቸው፤ እዚያ የነበረው የሚዳቋ መንጋ ከልክ በላይ በዝቶ፣ ግጦሹን እስከ ሥሩ ልጦ፣ በረሃብና በበሽታ አልቋል። ነብሩ የነብር ሥራውን ሠራ፤ ጥፋቱ ሚዳቋዎቹ በአጥር ውስጥ ተወልደው ፍርሃትን አለማወቃቸው ነው አለች።

ስለዚህ ፍርሃት ማስተማር ተጀመረ። ዘወትር ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ ዝምታ በድምፅ ማጉያ የነብር ድምፅ ያሰማል፤ ደረቅ ግንድ የሚገዘግዝ መጋዝ የሚመስል ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት ማንም እንዳይጠጋቸው ታዝዟል። ሲንቀጠቀጡ ሲያይ ግን አንጀቱ አልችል አለው። ድምፁ እንዳበቃ ጨው የተነሰነሰበት ድርቆሽ ደብቆ ይወስድላቸው ጀመር። በመዝገቡ ላይም «ድምፁን ሲሰሙ ይሮጣሉ» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ወዴት እንደሚሮጡ ብቻ አልጻፈም።

ወደ ጫካው የሚለቀቁበት በር ሊከፈት፣ እሱም ጡረታ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ማጉያው ተበላሸ። ጋሼ ዝምታ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ባትሪዎቹን አወጣና በመዳፉ ያዛቸው። ልክ በዐሥራ አንድ ሰዓት መጋዙ መገዝገዝ ጀመረ።

ጉልበቱ ላይ ያለውን ማጉያ አየ። ባትሪዎቹን አየ። ድምፁ የሚመጣው ከአጥሩ ማዶ፣ ነፋስ ሳይኖር ከሚወዛወዘው ሣር ውስጥ ነበር።

ዐሥራ አራቱም ቀና አሉ። ከዚያም ጭራቸውን እየቆሉ፣ ተራ እንደያዘ ሰው ተሰልፈው ወደ ድምፁ ሄዱ። እርጉዟ ከሁሉ ቀድማ አፍንጫዋን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከች። በማዶ የሆነ ነገር ተነፈሰ፤ ሽቦው ላይ ጤዛ ያዘ። ጋሼ ዝምታ ሊያስደነግጣቸው ማጉያውን በድንጋይ ደበደበ። ዞር ብለው አዩትና ድርቆሹን ጠበቁ።

ወዲያው ወደ ሐኪሟ ክፍል ሄዶ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገ በሩ እንዳይከፈት» አለ። «ነብሩን የእራት ደወል አድርጌባቸዋለሁ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስንት ጊዜ አበሏቸው፣ ጋሼ?»

«አንድም ቀን አላጓደልኩም።»

አልተቆጣችም፤ ያም ባሰበት። ከእንግዲህ ከድምፁ በኋላ የሚመጣው ነገር ክፉ መሆን እንዳለበት፣ ያንንም ከሚያምኑት ሰው የተሻለ የሚያደርገው እንደሌለ ነገረችው። ጡረታውን ተወ። ስምንት ወር ሙሉ መጋዙ ከአዲሱ ማጉያ በተሰማ ቁጥር የነብር ቆዳ ደርቦ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ በእጁ ያሳደጋቸውን አሳደዳቸው።

አንድ ቀን በዐሥራ አንድ ሰዓት ድምፁን ለቀቀ። ሜዳው በቅጽበት ባዶ ሆነ፤ ቅጠል እንኳ አልተንኮሻኮሸም። ጋሼ ዝምታ በዝግታ ቆዳውን አውልቆ በስማቸው ጠራቸው። አንዳቸውም አልመጡም። ከአጥሩ ማዶ ብቻ አንድ ሣር ወደ እሱ ዘንበል አለ።

በማግስቱ በሩ ተከፈተ።