ወተት ይበላል እንዴ

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሀላኬ ነገሌ ውስጥ የሚታወቀው በኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪናው ነው። ፊልቱና ዶሎ ድረስ ሲሚንቶ ሲያመላልስ ጸጉሩ ሸበተ። ባለቤቴ ዳዳቻም የዚያው መንገድ ሹፌር ነበር፤ በድርቁ ጊዜ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሀላኬ የራሱንም ልጆች የእኔንም ያበላል።

«እኔም እንደ ዳዳቻ ብሆንስ?» ይል ጀመር። የሕይወት ኢንሹራንስ ሊገባ ወሰነ። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ አምሀ ግን ሐኪም ሳያየው ውሉ እንደማይፈረም፣ ስኳር ወይም ግፊት ከተገኘበትም ሊቀር እንደሚችል ነገረው።

ሀላኬ ጫቱን ተወ። ጨው ቀነሰ። ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ ፊቱን ያጨማድዳል። ከመንገድ ሲገባ ቁጭ ብሎ ግድግዳውን ያያል።

«ሐና፣» አለኝ አንድ ቀን፣ «ጤነኛ መምሰል እንዲህ የሚያደክም ከሆነስ በሽታው ይሻል ነበር።»

ለምርመራው ምንም ሳይበላ እንዲመጣ ታዘዘ። ጠዋት ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ። ደሙን የወሰደችው ነርስ ሚልኪ ውጤቱን አይታ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል። ቁርስ በልተዋል?»

«ኧረ እህል በአፌ አልዞረም!»

«ምንም አልቀመሱም?»

«ምንም። ወተት ብቻ ነው የጠጣሁት። ባለቤቴ ስኳር ጣል አድርጋበት።»

«አይብሉ ተብለው!»

«ልጄ፣ የት ነው ያደግሽው? ወተት ይበላል እንዴ?»

«እዚሁ ነገሌ። አባቴም እንደዚህ ብሎ ነው ያስቸገረን» አለች ሳቋን እየዋጠች። «ነገ ይመለሱ። ከውሃ በቀር ምንም!»

ማታ ለሚስቱ ለዲንቄ ነገርኳት። የወተት ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አውቄ ነው የሰጠሁት» አለች። «ዳዳቻ የሄደ ቀን ሊሰናበተኝ ገባ። ላሞቹ ነጥፈው ባዶ አፉን ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ባዶ አፉን መንገድ አላስወጣም። ሀላኬ ደግሞ ከሆስፒታሉ ቀጥሎ ዶሎ ነው መንገዱ።»

ዳዳቻ እኔም ቤት ያን ጠዋት ከጥቁር ሻይ በቀር አልቀመሰም ነበር። አልነገርኳትም።

«ፔርሙዝ አለሽ?» አልኳት።

በማግስቱ ወተቱን ይዤ በረንዳው ላይ ጠበቅሁት። ደሙን ሰጥቶ፣ ጥጡን ክንዱ ላይ እንደያዘ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀዳሁለት። ገና ሳይጨርሰው ሚልኪ ብቅ አለች።

«ስኳሩም ግፊቱም ናጋ፣ ደህና ነው፣ ጋሼ። ሐኪሙ ፈርሞልዎታል።»

ሀላኬ አምሀ ጋ ደወለ። አምሀም ውሉ ተዘጋጅቶ ዛሬውኑ እንደሚያልቅ ነገረው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ዓይኖቹን አሸ።

«በቃ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አበላችኋለሁ» አለ።

«ጠጣና ተነስ» አልኩት።

በእግሩ አምሀ ቢሮ ጎራ ብሎ ፈረመ፤ የተጫነው መኪናው ውጭ ቆሞ ነበር፣ ከዚያው ተነሳ። እኔ ፔርሙዙን ይዤ ወደ እነ ሀላኬ ቤት ተመለስኩ።

ዲንቄ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስለ ስኳሩ አልጠየቀችኝም፤ ስለ ውሉም። ፔርሙዙን ከእጄ ወስዳ ጆሮዋ አጠገብ ወዘወዘችው። ባዶ መሆኑን ስታውቅ ገብታ ተቀመጠች።