ክራንቿን የተቀበልኳት እሑድ

ሰው ፊት መቆም እወዳለሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሁን ወይም ድሮውንም እንዲህ ስለተፈጠርኩ አላውቅም፤ ማይክ ሳይ ጉሮሮዬን ያሳክከኛል። የባለቤቴን ጉልበት ያበላሸው ይኸው አመሌ ነው።

እሷ ኢዲዶ በምትባል ገደላማ መንደር የአባቷን ቡና እየለቀመች ያደገች ናት። ተጋብተን ዲላ ከገባን በኋላም ቡናው ሲቀላ ቤቱን ለእኔ ጥላ ትሄድ ነበር። በኋላ ግን ቁልቁለቱን ስትወርድ ከጉልበቷ ሎሚ ሥር ይወጋት ጀመር። ወጌሻ በቅቤ አሸላት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጸለዩላት፣ እኔም «ስለደከመሽ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት አስቆጠርኳት። በመጨረሻ ሐዋሳ ወሰድኳት። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የተቀደደውን ካርቲሌጅ የሚባል የአጥንት ሽፋን ጠረገላት፤ አዲስ ሽፋን እንዲበቅልም አጥንቱን በቀጭኑ በሳሳው።

«ስድስት ሳምንት በክራንች ነው የምትሄጂው» አላት ስንወጣ። «በዚህ እግር እንዳትረግጪ። የሚበቅለው ገና ለጋ ነው።»

አጠገቧ ቆሜ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድንሰጥ ተጠራን። ሕዝቡ ጸልዮልናል፤ ማመስገን ይገባል። እስከዚህ ጥፋት የለብኝም። ባጃጁ ውስጥ ግን ሐሳብ መጣልኝ።

«ሁለት ክራንች ይዘሽ ጌታ ረዳኝ ብትዪ ያምርብሻል? መድረኩ ላይ ስትወጪ ብቻ ተዪያቸው። አምስት እርምጃ ቢሆን ነው።»

«ሐኪሙ እኮ…»

«የሐኪሙን እጅ የባረከው ማን ሆነና?» አልኳት። ለዚህ አማኝ ሰው መልስ የለውም፤ እንደሌለው አውቄ ነው የተናገርኩት።

ክራንቾቹን ተቀበልኳት። የመድረኩን ሦስት ደረጃ ወጣች። እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔም ማይኩን ይዤ፣ እሷን አጠገቤ አቁሜ፣ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ፊቷን ላብ እንዳጠመቀው አይቻለሁ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ ያን ቀን ስልስ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ቤት ሳንደርስ ጉልበቷ አበጠ። ሐዋሳ ስንመለስ ሐኪሙ ጉልበቷን ምን እንደነካው ጠየቃት።

«ቤት ውስጥ አዳልጦኝ ወደቅሁ» አለችው።

እኔ ጫማዬን አየሁ። ሐኪሙ ካሜራውን እንደገና ሲያስገባ የበቀለው ሽፋን ተልጦ፣ አጥንቱ ገጥጦ አገኘው። ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ ቁልቁለት ግን ከእንግዲህ ይቅርባት አለኝ። ኢዲዶ ደግሞ ሜዳ የለውም።

ዘንድሮ ቡናውን ወንድሟ ለቀመው። እሷ በረንዳ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ የትኛው ዛፍ ስንት ቅርንጫፍ እንደያዘ በስልክ እየጠየቀች ታደክመው ነበር። ስልኩን ስትዘጋ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለሐኪሙ ለምን ዋሸሽ? ያስረገጥኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አልኳት።

ጉልበቷን በመዳፏ አሸት አደረገች።

«ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ስረግጥ ነው ውስጡ ቀጭ ሲል የተሰማኝ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ አንተን እያየ ነበር። ተመልሼ ብቀመጥ ታፍርብኛለህ ብዬ ወጣሁ።»