አባዬ ቀድሞ የጻፋቸው መልሶች

ሳን ሆዜ ባለው ቤታችን ልጄ ሽቦ በቀለጠ እርሳስ ስታያይዝ፣ ሶልደር ስታደርግ፣ ጭሱ ሸተተኝና ኦክላንድ የነበረው የልጅነት አፓርትማችን ትዝ አለኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የእማዬ ቪዛ ገና ስላልወጣ ከአባዬ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሱ ሳኒቬል ከተማ ካለ ፋብሪካ ውሎ እስኪመለስ፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ብቻዬን እጠብቀዋለሁ። በትርፍ ጊዜው ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ይማር ነበርና አንድ ፕሮግራም ሠራልኝ። ጥያቄ ስጽፍ፣ በገዛ እጁ ሶልደር አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ያያዛት ቀይ አምፖል ትበራለች፤ ከዚያ መልሱ ይመጣል። ራበኝ ብዬ ስጽፍለት ኮምፒውተሩ ፍሪጁን ክፈቺ ይለኛል።

“ዳዲ፣ ኢዝ ኢት አላይቭ?” አልኩት፣ ነፍስ አለው ወይ ለማለት።

“አይደለም። እኔ ነኝ ቀድሜ መልሼልሽ የሄድኩት” አለኝ። ነገሩ አልገባኝም።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩን እማዬ መቼ እንደምትመጣ ጠየቅኩት። አምፖሏ አልበራችም። አባዬ እንደገባ “ኢትስ ብሮክን!” አልኩት። የጻፍኩትን አነበበና ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

“አልተበላሸም፣ የኔ ልጅ። ይኼንን እኔም አላውቀውም።”

በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ ጻፍኩ። አምፖሏ በራች። “እስክትመጣ እኔ አለሁልሽ” ይላል።

እማዬ በዓመቱ መጣች። ኮምፒውተሩን ቤት ስንቀይር ጣልነው። አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ፕሮግራም መሥራት እንጀራዬ ሆኗል፤ የእሱን ዓይነት በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ። ገና ሳልጠይቅ ምን እንደምጠይቅ ቀድሞ የሚያስብልኝ ሰው ግን እሱ ብቻ ነበር።